አልቃሻ ገንቦ

ጥቅምት 4 ቀን

ለተከበሩ አክስቴ፤

ይህ ወረቀት እጅዎ ሲገባ በጤና፣ በሰላም፣ በደጅዎ ጥላ ሥር አረፍ ብለው ያግኝዎት። ከእኔም፣ ከባለቤቴም፣ ከሁለቱ ሴቶች ልጆቼም የናፍቆት ሰላምታ ይድረስዎ። እኛ ደህና ነን። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ብዕር ሳላነሣ ቆይቼ ዛሬ መጻፌ እንደሚያስገርምዎ አውቃለሁ። ስንት ጊዜ «ለአክስቴ» ብዬ ጀምሬ እንደተውኩት የምናውቀው እኔና ወረቀቱ ነን። በዚህ ይቀየሙኝ፤ ግን እባክዎ እስከ መጨረሻው ያንብቡልኝ።

የምሠራው አረጋውያን በሚጦሩበት ባለ ሦስት ፎቅ ቤት ውስጥ ነው። አምፖል እቀይራለሁ፣ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ አጠብቃለሁ፣ የማይገጥም በር አቃናለሁ። በየኮሪደሩ፣ ከመስኮቶቹ ሥር አርባ ሦስት የአበባ ማሰሮዎች ተደርድረዋል። እያንዳንዱ የአንድ አዛውንት ነው። ወደዚህ ሲገቡ ከቤታቸው ብዙ ዕቃ ማምጣት አይፈቀድላቸውም፤ ልብስ፣ ፎቶግራፍ፣ አንድ ተክል፣ በቃ። ስለዚህ ያ ተክል ለአንዳንዱ ግቢው ነው፣ ለአንዳንዱ ትዳሩ ነው።

አትክልተኛው ጡረታ ሲወጣ አዲሷ ኃላፊ በቦታው ሰው አልቀጠረችም። ሠራተኛው ሁሉ እግሩ እስኪቀጥን ይሮጣል፤ ማን ያጠጣ? አዛውንቶቹም የሚችለው ይረሳል፣ የማይረሳው አይችልም። አንዱ በቀን ሦስቴ ያጠጣና ሥሩን ያበሰብሰዋል፣ ሌላው ወር ይቆያል። ኃላፊዋ ባለፈው ሰበሰበችንና «እስከ መጋቢት ማለቂያ መላ ካልተገኘ፣ የደረቀው ሁሉ ይጣላል፤ ኮሪደሩም ይጸዳል» አለች። ክፉ ሰው አይደለችም። የምትመድበው ሰው የላትም።

ያኔ እርስዎ ትዝ አሉኝ። ከእሳት ወጥቶ ውሃ ሲሞላ ገላው ላብ የሚያልበውን ገንቦ «አልቃሻ» ይሉት ነበር። ገበያ አይወጣም። እርስዎ ግን አይሰብሩትም፤ ከጽጌረዳው አጠገብ እስከ አንገቱ ይቀብሩትና ውሃ ይሞሉታል፤ ላቡ ቀስ እያለ ሥሩን ያጠጣዋል። አንድ ጊዜ ታመው ሁለት ሳምንት ሐኪም ቤት ሲተኙ ማንም ጽጌረዳውን አላየውም፤ ሲመለሱ ግን ቅጠሉ እንኳ አልጠወለገም ነበር።

ቡጢ የሚያህሉ ትንንሽ አልቃሻዎች፣ አሥር ብቻ ቢሠሩልኝና ቢልኩልኝ ውለታዎን አልረሳም።

የወንድምዎ ልጅ

ኅዳር 9 ቀን

ለአውራ ጣቴ፤

ሰላምታህ ደርሶኛል። ለሚስትህና ለልጆችህ ሰላም በልልኝ። ያለ እናት የቀሩትን የሚያሳድግ ፈጣሪ የአንተንም ያሳድግልህ። እኔ አለሁ፤ መኖር ከተባለ አንድም ቀን አልቀረሁም።

«አውራ ጣት» ያልኩህ ስሙን ረስተኸው እንደሆነ ብዬ ነው። ያልደረቀ ገንቦ ባየህ ቁጥር አውራ ጣትህን ሳትተክልበት አታልፍም ነበር። ገዢዎቼ «ይሄ ምንድነው?» ሲሉኝ «የፋብሪካችን ማኅተም ነው» እላቸው ነበር።

ደብዳቤህን ሳስነብብ «እርስዎ፣ እርስዎ» ሲበዛብኝ ዞር ብዬ አየሁ፤ ከኋላዬ ሌላ ትልቅ ሰው የቆመ መስሎኝ። ድሮ «እቴቴ፣ አንቺ» ነበርኩ። አክብሮት ደግ ነው፤ ሲበዛ ግን አጥር ይሆናል።

የምልክልህ የለኝም። ለምን አትበለኝ። ከፈለግህ ራስህ ሥራው፤ እጅህ ጭቃ ያውቃል። ስማኝ፦

ቀይ አፈር ፈልግ። ድንጋዩን ልቀም፣ በወንፊት ንፋ። ሦስት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ ሰጋቱራ። ሰጋቱራው የደቀቀ ይሁን፣ እንደ ዱቄት። ሲቃጠል ሰጋቱራው ይጠፋና ቦታው ባዶ ይቀራል፤ ውሃው የሚወጣው በዚያ ነው። አቡካው፣ ሸፍነህ ሁለት ቀን አሳድረው። ከዚያ ሆዱ ክብ፣ ሥሩ ሾጠጥ ያለ፣ አንገቱ ጣትህን የሚያስገባ አድርገህ ሥራ። ገላውን በጠጠር አትወልውለው። እኛ ገንቦ የምንወለውለው ውሃው እንዳይወጣ ነው፤ አንተ የምትፈልገው እንዲወጣ ነው። የለመድከውን ሁሉ ገልብጠህ ሥራ።

ይኸው ነው።

አክስትህ

ኅዳር 28 ቀን

ለተከበሩ አክስቴ፤

የጤናዎ ነገር እንዴት ነው? «አለሁ» ብለው አለፉት እንጂ አልነገሩኝም። በዚህ ያለነው ሁሉ ደህና ነን፤ ታናሿ ልጄ ሁለት የፊት ጥርሶቿን ጥላ ስትስቅ እርስዎን ትመስላለች።

ምክርዎን ተከትያለሁ። ምድር ቤት ውስጥ ማንም የማይገባበት የእጅ ሥራ ክፍል አለ፤ በአቧራ በተሸፈነ ሸራ ሥር የኤሌክትሪክ እቶን አገኘሁ። ከሥራ በኋላ እዚያ እየገባሁ አሥራ ሁለት ሠራሁ። ጭቃው እጄ ውስጥ ሲገባ ጣቶቼ እኔ የረሳሁትን ሁሉ ያስታውሱ ጀመር። ደስ አለኝ።

ደስታዬ እስከ እቶኑ ድረስ ነበር። ገና ሙቀቱ ከመጀመሩ «ጧ! ጧ!» አለ፤ ወጥ ቤት ያሉት ሴቶች ጋዝ የፈነዳ መስሏቸው ወደ ግቢ ሮጡ። ሲከፈት ከአሥራ ሁለቱ አሥሩ ገል ሆነዋል። ኃላፊዋ መጥታ ገሉን አየች፣ እኔን አየች፣ በሩን ዘግታ ሄደች። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ስለ አንዲት ሴት ልንገርዎ። መምህርት ነበሩ። ከሁለት ዓመት ወዲህ ንግግር ትተዋል፤ ጉሮሯቸው ደህና ነው፣ ብቻ አይናገሩም። ማሰሮአቸው ውስጥ ያለው ናና ነው። ጠዋት ጠዋት ቀስ ብለው ይመጣሉ፣ አንድ ቅጠል በጣታቸው ያሹና ያሸታሉ፣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ ይመለሳሉ። ቀኑን ሙሉ ከክፍላቸው የሚወጡት ለዚያ ብቻ ነው። ናና ደግሞ ጥም አይችልም። እስካሁን በልብሴ ኪስ ጠርሙስ ይዤ እየሄድኩ እኔ ነኝ የማጠጣው፤ አርባ ሦስቱን ግን አልችልም።

ስለዚህ እንደገና እለምንዎታለሁ። አምስት እንኳ ይላኩልኝ። ደግሞ የደብዳቤው ጽሕፈት የእርስዎ አይደለም። ማን ነው የሚጽፍልዎ?

የወንድምዎ ልጅ

ታኅሣሥ 20 ቀን

ለአውራ ጣቴ፤

ሰላም ለቤትህ፣ ሰላም ለጥርስ አልባዋ። ጥርስ የሌላት እኔን የምትመስል ከሆነ ስድብ ነው ወይስ ምስጋና? እኔ ሁሉም አሉኝ።

የፈነዳው ስላልደረቀ ነው። ውጭው ቢደርቅ ሆዱ እርጥብ ነበር፤ ውስጡ ያለው ውሃ እንፋሎት ሆኖ መውጫ ሲያጣ ይገነጥለዋል። ቸኩለሃል። ድሮም ቸኳላ ነህ። ጥላ ውስጥ አሥር ቀን አድርቀው። ደርቆ እንደሆነ ለማወቅ ጉንጭህ ላይ አስደግፈው፤ ከቀዘቀዘህ ገና ነው። ጣት ይዋሻል፣ ጉንጭ አይዋሽም። እሳቱንም ቀስ አድርገህ አስለምደው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ሲበስል ውሃ ሙላና ደረቅ መሬት ላይ አስቀምጠው። እጅህን ሳትታጠብ ላቡ ከወጣ ቶሎ ያለቅሳል፣ ሥር ያበሰብሳል። ምሳህን በልተህ ስትመለስ ገላው ወዝቶ ካገኘኸው እሱ ነው። እስከ ማግስቱ ደረቅ ከሆነ ድንጋይ ነው፤ ወርውረው።

ስትቀብረው ከግንዱ አርቀው፤ ሥሩ ራሱ ፈልጎ ይመጣል፣ ውሃ ያለበትን ሥር ያውቃል። አፉን በጠፍጣፋ ጠጠር ክደነው፤ አለዚያ ግማሹን አየር ይጠጣብሃል፣ ትንኝም ይፈለፈልበታል።

የሚጽፍልኝን ጠየቅህ። ዓይኔ ደክሟል። ጎረቤቴ የሆነች ፋርማሲስት ትጽፍልኛለች። መምህርቷን ሰላም በልልኝ። ያልተናገረ ሰው ብዙ ያወቀ ነው።

አክስትህ

ጥር 14 ቀን

አክስቴ፤

እንደምን ሰነበቱ? እኛ አለን።

በነገሩኝ መሠረት አሥር ቀን አደረቅሁ። ጉንጬ ላይ ሁሉ አስደገፍሁ። አልፈነዱም፤ አሥራ ስድስቱም ደህና ወጡ፣ ቀያይ፣ ሲመቱ እንደ ደወል የሚጮኹ። ውሃ ሞላሁ። ምሳ በላሁ፣ ተመለስኩ፣ ደረቅ። አደሩ፣ ደረቅ። ሦስት ቀን አስቀመጥኳቸው። ጠብታ የለም። አሥራ ስድስት ድንጋይ!

በዚህ መሀል ስድስት ተክሎች ደርቀዋል። አንድ ሽማግሌ ስንዝር የምታህል የሎሚ ችግኝ ነበረቻቸው፤ ከዘር ያበቀሏት ራሳቸው ናቸው። ስትጣል ቆመው አዩ። እኔም መጥረጊያውን ይዤ ከጎናቸው ቆሜ ነበር።

ይቅርታ ያድርጉልኝና በግልጽ ልናገር። አንድ ካርቶን ገንቦ መላክ እርስዎን ምን ያህል ይከብዳል? እጅዎ በአንድ ጠዋት ሃያ ያወጣ እንደነበር እኔ ነኝ ምስክሩ። ግማሹን እየነገሩኝ ግማሹን የሚደብቁኝ ይመስለኛል። ያስቀየምኩዎ በሠርጌ ቀን ባደረግሁት ከሆነ ይንገሩኝ፣ ይስደቡኝ፣ ይርገሙኝ። ግን ቂምዎን በማያውቋቸው አዛውንቶች ላይ አይወጡት። እነሱ ምን በደሉ?

የወንድምዎ ልጅ

የካቲት 16 ቀን

አክስቴ፤

ከአንድ ወር በላይ ሆነ። መልስ የለም። ያለፈውን የጻፍኩት በንዴት ነበር። ወረቀቱ ፖስታ ሳጥኑ ውስጥ ጠብ ሲል ነው የጸጸተኝ፤ እጄን አስገብቼ ላወጣው ሞክሬ ሰው አይቶኝ አፈርኩ።

ደህና ከሆኑ አንድ ቃል ይበሉኝ። ስለ ሸክላው አልጠይቅም።

መጋቢት 1 ቀን

ለአውራ ጣቴ፤

ሁለቱም ደብዳቤዎችህ ደርሰውኛል። የመጀመሪያውን ፋርማሲስቷ ስታነብልኝ መሀል ላይ ድምፅዋ ቀነሰ። «ጨርሺው» አልኳት። ጨረሰች። ከዚያ ወረቀቱን አጥፌ ከመስታወቱ ጀርባ አስቀመጥኩት። በየቀኑ አልፌው እሄዳለሁ። መልስ አጥቼ አይደለም፤ የነበረኝ መልስ ሁለት ነው፣ አንዱን ሳልናገር ሌላውን መናገር አልቻልኩም። አሁን ሁለቱንም እላለሁ። እሷም «ይሄን ሁሉ ልጻፈው?» ትለኛለች። ጻፊው።

መጀመሪያ ስለ ሠርግህ። ከሠርጉ በፊት በነበረው ቀን በሚያምር ሣጥን ነጭ ጓንት ሰጠኸኝ። በዕድሜዬ ጓንት አድርጌ አላውቅም። ደስ ብሎኝ ለመንደሩ ሁሉ «ልጄ የገዛልኝ» እያልኩ አሳየሁ። አዳራሹ ውስጥ የሚስትህ አባት በትሕትና «እርስዎ ምን ይሠራሉ?» ብሎ ጠየቀኝ። አፌን ስከፍት ቀደምከኝ። «አክስቴ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው» አልክ። ያኔ ጓንቱ ገባኝ። ስጦታ አልነበረም፣ መክደኛ ነበር። ያን ቀን እንኳ እጄን ስንት ጊዜ እንደታጠብኩት አታውቅም። ጥፍሬ ሥር የቀረው ጭቃ ግን አንተን ያበላ፣ አንተን ያስተማረ ጭቃ ነው፤ በሳሙና አይለቅም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። የአንተ ደግሞ ወለምታ አልነበረም፣ ተዘጋጅተህበት የመጣህ ነገር ነው።

ዘጠኝ ዓመት ይህን ነገር ይዤው ኖርኩ። አሁን ተናገርኩት፤ ቀለል አለኝ።

ሁለተኛው። በቂም አይደለም ያልላኩልህ። እጄ ከታመመ ሁለት ዓመቱ ነው። መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት ይደነዝዝ ነበር፣ ኋላ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አሁን ብርጭቆ የምይዘው በሁለት እጄ ነው። ጭቃ ስይዝ ጭቃው ነው እኔን የሚይዘኝ። ዓይኔ ደክሟል ያልኩህ ውሸት ነው፤ ዓይኔ ከዚህ ሆኖ መንገድ ማዶ ያለውን ሰው የሸሚዝ ቁልፍ ይቆጥራል። ደብዳቤህን የማስነብበው ወረቀቱ በእጄ እየተንቀጠቀጠ ፊደሉ ስለሚሮጥብኝ ነው። ለምን ዋሸሁህ? አንተ በእጄ ጭቃ ካፈርክ፣ እጄ ሲደክም ማወቅ አይገባህም ብዬ ነው። ይኸው፣ እኔም እንዳንተ ደበቅሁ። ስለዚህ የሁለታችን ሚዛን ያን ያህል አይራራቅም።

ደግሞ እውነቱን ልንገርህ። ያ የጥቅምቱ ደብዳቤህ የመጣ ቀን ከሰው ጋር ካላወራሁ ሳምንቴ ነበር። «አልቃሻ» የሚለውን ቃል ስሰማ ተነሥቼ ተቀመጥኩ። ገንቦን እንዲህ ብሎ የሚጠራ በዚህ ዓለም ላይ ካንተና ከእኔ ሌላ የለም።

አሁን ወደ ሥራህ። እንደ ደወል የሚጮኸው እሳት ስለበዛበት ነው። ያ እቶን ለሳህንና ለሲኒ የተሠራ ነው፤ እስከ ጥጉ ከነዳኸው አፈሩ ይቀልጥና ቀዳዳው ይደፈናል። እኔ በእንጨት ሳቃጥል ገንቦው የበሰለ ቲማቲም ሲመስል እሳቱን እተወዋለሁ፤ ብርቱካን እስኪመስል አልጠብቅም። በማየት ካልሆነልህ የእቶኑን ቁጥር ከከፍተኛው ላይ ሲሶውን ቀንሰው። ሲወጣ ሲመቱት «ደንግ» ሳይሆን «ዶክ» ይላል። «ዶክ» ካለ ያለቅሳል።

ሁለት ጊዜ መሳሳትህ አያሳፍርም። እኔ ስማር አንድ ክረምት ሙሉ ያቃጠልኩት ገል ብቻ ነው።

አክስትህ

መጋቢት 30 ቀን

እቴቴ፤

«አንቺ» ብዬ ልጽፍልሽ ነው። ካልወደድሽው ንገሪኝና እመለሳለሁ።

ደብዳቤሽን ምድር ቤት፣ ከእቶኑ አጠገብ ተቀምጬ አነበብኩት። ምን ልበልሽ? ስለ ጓንቱ ያልሽው ሁሉ እውነት ነው። ሱቅ ገብቼ ስመርጥ ሻጯ «ለእናትህ ነው?» ስትለኝ «አዎ» አልኳት፤ ለእናቴ መሆኑ እውነት ነበር፣ የቀረው ሁሉ ውሸት። አፍሬብሻለሁ፤ ከዚያ ደግሞ በማፈሬ አፈርኩ፤ ሁለተኛው እፍረት ነው ዘጠኝ ዓመት ዝም ያሰኘኝ። ይቅር በዪኝ ለማለት ፊት የለኝም፤ ፊት ባይኖረኝም እላለሁ። ይቅር በዪኝ።

ለሚስቴ ነገርኳት። እስካሁን ጨርቅ ነጋዴ ነበርሽ። ጨርሼ ቀና ስል፣ «ጓንቱን አስታውሳለሁ» አለችኝ፤ «ፎቶ ስንነሣ አውልቀውት በጉያቸው ይዘውት ነበር። እጃቸውን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። የሠራተኛ እጅ ነበር። አንተ እስክትነግረኝ ጠበቅሁ።» ዘጠኝ ዓመት! አባቷም ያውቅ ነበር አለችኝ። እኔ ከማን ደብቄሽ እንደነበር አሁን ራሴን እጠይቃለሁ።

እቴቴ፣ ዶክ አለ!

ሃያ አራት ሠርቼ፣ ሃያ አንዱ «ዶክ» አሉ። ውሃ ሞልቼ ምሳዬን በላሁ፤ ምን እንደበላሁ አላስታውስም። ስመለስ ሁሉም ገላቸው ወዝቷል። በመዳፌ ዳሰስኳቸው፣ ቀዝቃዛና እርጥብ፣ እንደ ሕፃን ግንባር። ብቻዬን ሳቅሁ።

የመጀመሪያውን በመምህርቷ ናና ውስጥ ቀበርኩ። ቆመው ያዩኝ ነበር። ውሃ ሞላሁና መክደኛ ጠጠር ስፈልግ ክፍላቸው ገብተው የመድኃኒት ጠርሙስ ክዳን ይዘው መጡ። ልክክ አለ። በነጋታው ክዳኑን አንሥተው ሲያዩ አገኘኋቸው፤ ውሃው ጥቂት ቀንሷል። ጣታቸውን አፈሩ ውስጥ ሰደዱ፣ እርጥብ ነው። ወደ እኔ ዞረው በግንባራቸው «የቀሩትስ?» አሉኝ። አሁን ሰኞ ሰኞ ማንቆርቆሪያ ይዘው ከፎቅ ፎቅ የሚዞሩት እሳቸው ናቸው። አንድም ቃል አልተነፈሱም፤ ክዳን የረሳ ሰው ካገኙ ግን በጣታቸው እየጠቆሙ ያስተካክሉታል። ሁለት ሽማግሌዎች ፈርተዋቸዋል።

ኃላፊዋ ቀነ ገደቡ ደረሰና መጣች። በየኮሪደሩ ሄዳ አየች። አሥራ አንድ ሞተዋል፤ ሠላሳ ሁለቱ አሉ፣ ሃያ አንዱ አልቃሻ አላቸው። «በቀን ስንት ጊዜ ይጠጣሉ?» አለችኝ። «በሳምንት አንድ ቀን፤ ሠራተኛም አይፈልግም» አልኳት። አንዱን አውጥታ አገላበጠችው። «ይሄን ከየት ተማርክ?»

ልማድ ክፉ ነው። «ከኢንተርኔት» የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። «ከአክስቴ» አልኳት። «ሸክላ ሠሪ ናት። ያሳደገችኝ እሷ ናት። እኔም ጭቃ ስረግጥ ነው ያደግሁት።»

እቶኑን አየች፣ መደርደሪያውን አየች። «ታዲያ ሰባት ዓመት አምፖል ስትቀይር የኖርከው ምን ሆነህ ነው?» አለችኝ። ማሰሮዎቹ ይቆያሉ። የእጅ ሥራ ክፍሉን ቁልፍም ሰጠችኝ።

እጅሽን ሐኪም አይቶታል? በሰኔ ፈቃድ አለኝ። ልምጣ?

አውራ ጣትሽ

ሚያዝያ 25 ቀን

ለአውራ ጣቴ፤

«አንቺ» ማለትህን ወድጄዋለሁ። ፋርማሲስቷም ወዳዋለች፤ ጎረቤት ነገር ይወዳል።

ሐኪም አይቶታል። እንዳይብስ የሚያደርግ መድኃኒት አለ፣ የሚመልሰው ግን የለም። በዚህ ላይ አትጨነቅ፣ እኔ ጨርሼ ተጨንቄበታለሁ።

ይቅርታን በተመለከተ፣ እሺ ብዬ ወዲያው ብልህ የእኔም ዘጠኝ ዓመት ቀላል ይመስልብኛል። ስትመጣ ይታያል።

ና። ግን ልታስታምመኝ ከሆነ ቅር፤ ሥራ አለ። እጄ እስኪከዳኝ የሠራኋቸው ስልሳ ሁለት ገንቦዎች መደርደሪያ ላይ ሁለት ዓመት ተቀምጠዋል። ደርቀዋል፣ እሳት ግን አልነካቸውም። እንጨት መሸከም፣ መደርደር፣ እሳት ማየት አልችልም፤ ለሌላ ሰው መስጠትም አልወደድኩም። ዝናብ በጣሪያው ገብቶ ቢያገኛቸው ተመልሰው ጭቃ ይሆናሉ። ጠንካራ ጫማና ጠንካራ ወገብ ይዘህ ና። ሌላ ነገር አታምጣ።

አክስትህ

ሰኔ 28 ቀን

እቴቴ፤

በሰላም ገብቻለሁ። ሚስቴና ልጆቼ ተራ በተራ አሸተቱኝ፤ ጭስ ጭስ እሸታለሁ አሉኝ። ሸሚዙን እንዳያጥቡት ነግሬያቸዋለሁ።

አውሮፕላኑ ውስጥ ሆኜ ሦስቱን ሳምንት ስደጋግመው ነበር። አንቺ ወንበር ላይ ተቀምጠሽ በምርኩዝሽ እየጠቆምሽ «እሱን ወዲያ! አንገቱን አታጋጨው! እንጨቱን በነፋሱ በኩል!» ስትዪኝ፤ እኔ ላቤ ዓይኔ ውስጥ እየገባ ስልሳ ሁለቱን ስደረድር። ከስልሳ ሁለቱ አሥራ ሰባቱ ሲሰበሩ አንገቴን ደፍቼ ነበር። አንቺ ግን ገሉን አይተሽ «አርባ አምስት ተረፈ! ሁለት ዓመት ያደረ ጭቃ ከዚህ በላይ ምን ይሁን?» አልሽ።

ገበያ ላይ ያገኘነው ሰው አብሮኝ የተማረ ነው፤ አሁን መሐንዲስ ሆኗል። «አንተ! እዚህ ምን ትሠራለህ?» ሲለኝ ዓይንሽን ወደ መሬት ስታወርጂ አየሁሽ። እንዳልመልስ ሳይሆን፣ የምመልሰውን ላለማየት። «ሸክላ እንሸጣለን፤ ይቺ አክስቴ ናት፤ ሠሪዋ እሷ ነች» ስለው ግን ቀና አላልሽም። ትልቁን ገንቦ አንሥተሽ በሁለት የሚንቀጠቀጡ እጆችሽ ሰጠሽውና «አልቃሻ አይደለም፤ እርግጠኛ ነኝ» አልሽው። ያን ጊዜ ይቅር እንዳልሽኝ ገባኝ። ወይስ ተሳሳትኩ?

አንድ ነገር ሳልነግርሽ መጣሁ። ጭቃ አቡክቼ «እንዴት ነው?» ብዬ በጠየቅሁሽ ቁጥር ሳትነኪው በዓይንሽ ብቻ «ውሃ ጨምር፣ ተው፣ በቃ» ትዪኝ ነበር። አንድም ቀን አልተሳሳትሽም። ሙያው እጅሽ ውስጥ ብቻ ቢሆን ኖሮ በደብዳቤ እንዴት ይመጣልኝ ነበር? እኔ ሩቅ ነኝ። አጠገብሽ ግን እጅ ያለው ሰው ይጠፋል?

አውራ ጣትሽ

መስከረም 27 ቀን

አውራ ጣቴ፤

ይህን ራሴ ነው የምጽፈው። ሦስት ቀን ሆኖኛል። ጽሕፈቴ ዶሮ የጫረችው ይመስላል፤ ማንበብ ካቃተህ ያንተ ጉዳይ ነው።

አልተሳሳትክም።

ጸሐፊዬ እጇ ጭቃ ውስጥ ነው። ደብዳቤዎቻችንን ስትጽፍ፣ ስታነብ፣ ሳታስበው ሁሉንም ሸምድዳዋለች። አንድ ቀን «ሦስት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ ሰጋቱራ፣ አሥር ቀን ጥላ ውስጥ፣ ጣት ይዋሻል ጉንጭ አይዋሽም» ብላ ከመድኃኒት ቤቷ ባንኮኒ ጀርባ ሆና አነበነበችልኝ። ሳላስተምራት የምታርመኝ እሷ ሆነች። ቅዳሜና እሑድ ትመጣለች። ሁለት ሴቶች ይዛ መጣች፤ አንዷ ጡረታ የወጣች ነርስ፣ ሌላዋ ባሏ የሞተባት ልብስ ሰፊ። ነርሷ ጣቷ ብርቱ ነው። ልብስ ሰፊዋ ነገር አትሰማም፣ ትከራከረኛለች፤ እሷ ናት ጎበዟ።

እኔ መሀል ላይ ተቀምጬ አፍ ሆኛለሁ። እነሱ እጅ ናቸው። ስድስት እጅ ኖሮኝ አያውቅም ነበር።

ትናንት የልብስ ሰፊዋን የመጀመሪያ አልቃሻ ውሃ ሞላነው። ምሳ በላን። ስንመለስ ወዝቷል፣ ከሥር እስከ አንገት እኩል። እሷ ጮኸች። እኔ ወደ ጓሮ ወጥቼ ትንሽ አለቀስኩ፤ ይህን ለሰው አትንገር፣ ለሚስትህ ግን ንገር።

ለልጆችህ ሰላም በልልኝ። ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም፤ እጄ ስለደከመ ብቻ አይደለም፤ «ጭቃው እየደረቀ ነው፣ ኧረ ነይ!» እያሉ ይጮኹብኛል። ልሂድ።

እቴቴ